ድልድዩ ጋ የቆመችው ናንሲ

ሰባት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድም ቀን በዓይኔ አይቻት የማላውቃትን ሴት አጥብቄ እጠላ ነበር። ስሟ ናንሲ ነው። የምጠላት ቤታችን ሁሉ ስለሚጠላት ነው።

«ዛሬም እዚያው ድልድዩ ጋ ተገትራለች» ይላል አያቴ ግሪፍ፣ ቦት ጫማውን በር ላይ እያራገፈ።

«ደግሞ እንደ አዲስ ተቀባብታ!» ትላለች ጎረቤታችን ሃና። «ነጭ በጥቁር። ከሩቅ ነው የምትታየው።»

«እሷን ማጥፋት ነው። ሌላ መድኃኒት የላትም።»

«አባባ!» ትላለች እናቴ በዓይኗ ወደ እኔ እየጠቆመች። «ልጅ አለች።»

ልጅቱ እኔ ነኝ፤ ኔስታ። ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ። ናንሲን በሐሳቤ ነጭ ቀሚስና ጥቁር ባርኔጣ አልብሻት፣ ከንፈሯን ቀይ ቀብቻት፣ ድልድዩን ተደግፋ ወንድ ስትጠብቅ ይታየኛል። ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም የማልፈው በዚያው ድልድይ ነው፤ አንድም ቀን አግኝቻት አላውቅም። እኛ ትምህርት ላይ ስንሆን ወጥታ፣ ስንለቀቅ የምትገባ ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ።

መንደራችን ናንት-ፍራን አርባ ሦስት ቤት ነበረው። ከአርባ ሦስቱ ሠላሳው ጆንስ ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ሰው በአባቱ ስም ሳይሆን በሥራው ይጠራል። ዳቦ የምትጋግረው ሃና ዳቦ ናት። የሬሳ ሣጥን የሚሠራው ጆንስ ሬሳ ነው፤ በመንደሩ ውስጥ እንደ እሱ ሳቂታ ሰው አልነበረም። ፖሊሳችን ደግሞ ኢድዋል ፖሊስ። ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ጸሎት ቤቶችም ነበሩን። ከስልሳ ዓመት በፊት አንድ ነበሩ አሉ፤ ኦርጋን ይግባ አይግባ በሚል ተጣልተው ተለያዩ። ኦርጋን ኃጢአት ነው ብለው የወጡት ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላ ከእኛ የሚበልጥ ኦርጋን ገዙ፤ ያንን ደግሞ የእኛዎቹ ይቅር ሊሏቸው አልቻሉም። የሁለቱ ጸሎት ቤት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ስለ አየሩ ብቻ ነው የሚያወሩት። ደግነቱ ሁልጊዜ ስለሚዘንብ ወሬ አያልቅባቸውም።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ናንሲ ሰሌዳ ናት። ከመቶ ዓመት በፊት ካርታ ሊያነሳ የመጣ አንድ እንግሊዛዊ የመንደሩን ስም ጠየቀ። «ናንት-ፍራን» አሉት፤ በእኛ ቋንቋ የቁራ ጅረት ማለት ነው። እሱ «ናንሲ» የሰማ መሰለው። ጅረቱን ሰው በእግሩ ሲሻገር ስላየ በእነሱ ቋንቋ «ፎርድ» ጨመረበት፤ መሻገሪያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት የሚያውቀን ናንሲፎርድ እያለ ነው። ድልድዩ ጋ የቆመው የመንገድ ሰሌዳም ይህንኑ ስም ነበር የተሸከመው። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም ነበር። ሰሌዳውን በእኛ ፊደል አነባበብ ሳነበው «ናንከቮርድ» ነበር የሚለኝ፤ ትርጉሙን ስላላወቅሁ የቀለም ፋብሪካ ስም መስሎኝ አልፈዋለሁ።

የእናቴ ታላቅ እህት አክስት ቴግዌን ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ጸሎት ቤት ኦርጋን የምትመታው፣ የልጆቹን ሁሉ መዝሙር የምታስጠናው እሷ ናት። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በዚያ ዓመት፣ ሰው ጨረቃ ላይ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው ማለት ነው፣ እጇ አንዳንድ ቀን ጠዋት ነዳጅ ነዳጅ ይሸት ጀመር፤ በጥፍሮቿ ሥርም አረንጓዴ ቀለም አየሁ።

«ምን እየቀባሽ ነው?» አልኳት።

«የሃናን የዶሮ ቤት» አለችኝ።

የሃና ዶሮዎች ከሦስት ዓመት በፊት ቀበሮ ጨርሷቸው ነበር። እኔ ግን ሴት ልጅ ልታገባ ስትል የቤት ዕቃ እንደምትቀባ ከሃና ራሷ ሰምቼ ስለነበር፣ ነገሩ ገባኝ ብዬ ዝም አልኩ። ባሉ ማን እንደሆነም አውቄዋለሁ።

ኢድዋል ፖሊስ ሐሙስ ሐሙስ ለመዝሙር ልምምድ እኛ ቤት ይመጣል። በመዘምራን መካከል ብቻውን የሚዘምረው እሱ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፤ ፒያኖው አጠገብ ቆሞ ድምፁን ሲለቀው የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። አክስቴ ዘወር ብላ ሳታየው «ደግመው ያንሱት፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዝቅ ይላሉ» ትለዋለች። እሱ ይቀላል፤ ደግሞ ያነሳል። ልምምዱ ሲያልቅ ሻይ ይጠጣል። ሻዩን ጨርሶ ሊሄድ ሲነሳ ደግሞ፣ ኮፍያውን እያየ፣ ማንም ያልጠየቀውን አንድ ነገር ይናገራል።

«ማክሰኞ ከእራት በኋላ በላይኛው መንገድ ነኝ። እስኪመሽ እዚያው ነኝ።»

«እዚያ ነፋስ አለ» ትላለች አክስቴ ኖታዎቿን እየሰበሰበች። «ይደርቡ።»

በቃ። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ጆሮዬን አቆማለሁ። ቀጠሮ ሰጣት! እሷ ግን አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም። እሱ በላይኛው መንገድ ሲሆን እሷ ወደ ታች ትወርዳለች፤ እሱ ታች ሲሆን እሷ ላይ ናት። አንድ ሰው እንዴት እንደዚህ ይጨክናል እያልኩ አዝንለታለሁ።

ትልልቆቹም ጉዳዩን ያውቁ ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ተረድቼዋለሁ። አንድ ቀን ሃና ዳቦ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእናቴ «ይሄ ሰውዬ ሻይ ሊጠጣ ብቻ ነው የሚመጣው ትያለሽ? ዓይኑ እጇ ላይ ነው። አንድ ቀን ይወስዳታል!» ስትላት ሰማሁ።

«አፍሽ ቁርጥ ይበል» አለች እናቴ።

«ምን ላድርግ፣ ሥራው ነው። ዛሬም ሆነ ነገ እጇ ላይ ማጥለቁ አይቀርም። በሁለቱም እጇ!»

ቀለበት የሚጠለቀው በአንድ እጅ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ኢድዋል ፖሊስ በጣም ስለሚወዳት ሁለት ሊገዛላት ነው አልኩ በልቤ። እናቴ ፊቷ ለምን እንደጠቆረ ግን አልገባኝም፤ ቅናት መሰለኝ።

ያቺ ማክሰኞ ደረሰች። የሰኔ ፀሐይ ከእራት በኋላም ቶሎ አትገባም። እናቴና ሃና ለማክሰኞ ጸሎት ወጡ። አያቴ «ጉልበቴን አሞኛል» ብሎ ቀድሞ ጠፍቷል። በመስኮት ስመለከት አክስት ቴግዌን የእሑድ ባርኔጣዋን፣ ያንን ላባ ያለውን፣ አድርጋ በእጇ ባልዲ ይዛ ወደ ድልድዩ ትወርዳለች።

ባልዲ! ወዲያው ገባኝ። ልትደፋባት ነው። ናንሲ ላይ! እስካሁን ያላገባችው፣ ከቀጠሮውም የምትቀረው በናንሲ የተነሳ ነው፤ ኢድዋል ፖሊስ ናንሲን ይጠብቃታል ሲባል ሰምቼ የለ? (በእርግጥም ታዝዞ ነበር። ሰሌዳው በዚያ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ አረንጓዴ ተቀብቶ ስለተገኘ፣ ድልድዩን እንዲጠብቅ ከከተማ ደብዳቤ ደርሶታል።) ሁለት ሴቶች በአንድ ሰው ተጣልተው ጅረት ውስጥ ሲወድቁ ታየኝ። ኢድዋልን ባዶ እጄን ላለመለመን ከመደርደሪያው ላይ የሃናን የዘቢብ ዳቦ ግማሹን በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ላይኛው መንገድ ሮጥኩ።

ኢድዋል ፖሊስ ብቻውን አልነበረም። ጥቁር መኪና ቆሟል፤ አጠገቡ ከከተማ የመጣ፣ ትከሻው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ያለበት ረጅም ሰው አለ። የኢድዋል አለቃ፣ ኢንስፔክተሩ ነው። ከእኛ ቋንቋ አንድ ቃል አያውቅም። የተባባሉትን ከብዙ ዓመት በኋላ ኢድዋል ራሱ ነው ቃል በቃል የነገረኝ፤ ያኔ ለእኔ የእንግሊዝኛው ወሬ ሁሉ ውሃ ሲፈስ እንደ መስማት ነበር።

«ኢድዋል ፖሊስ! ቶሎ ይምጡ!» አልኩ እያለከለክሁ። «አክስቴ ባልዲ ይዛ ናንሲ ጋ ሄዳለች!»

ኢንስፔክተሩ ቀና አለ። «ናንሲ ነው ያለችው? ምን ሆና ነው?»

ኢድዋል እንደ ሐሙሱ ቀላ። «አክስቷ ናቸው ጌታዬ። ናንሲ ይባላሉ። ታመው ነው።»

«አክስቴ ዛሬ ታጠፋታለች! አያቴም ማጥፋት ነው ብሏል!»

«ምን ትላለች?»

«ዛሬን አያድሩም ነው የምትለው።»

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አወለቀ። ደግ ሰው ነበር፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያ ባለቀ። አጎንብሶ፣ ቀስ ብሎ፣ መስማት ለተሳነው ሰው እንደሚነገር «ናንሲ?» አለኝ። ከሚያወራው ሁሉ የገባችኝ ያቺ ቃል ብቻ ስለሆነች በደስታ ራሴን ነቀነቅሁ። «ናንሲ!» አልኩና ዳቦውን ለኢድዋል እያስጨበጥሁ ወደ ድልድዩ አመለከትሁ። «እዚያ!»

«ግቡ» አለ ኢንስፔክተሩ የመኪናውን በር ከፍቶ። «ልጅቷን ለመሰናበት እናድርሳት።»

«ጌታዬ፣ በእግር ይቀላል…»

«ሰው እየሞተ በእግር?»

በሕይወቴ መኪና ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ወንበሩ ቆዳ ቆዳ ይሸታል። ኢድዋል ከፊት ተቀመጠ፤ ዳቦውን ጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን አቅፎታል። ቁልቁለቱን መውረድ እንደጀመርን መስኮቱን ዝቅ አደረገና እስከ ትከሻው ወደ ውጪ ወጣ። ከዚያ ዘመረ። በዚያች ሰዓት ያወጣውን ድምፅ በሐሙስ ልምምድ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሸለቆው በሙሉ አስተጋባ። በጎች ከሣሩ ቀና ብለው አዩን። ለአክስቴ እየዘመረላት ነው፤ አፍቃሪ እንዲህ ነው! አልኩ። ለእሷ መሆኑንስ ለእሷ ነው። የሚያስጠነቅቃት ግን እንድትሸሽ ነበር።

«ምን እያደረግክ ነው አንተ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«በአገራችን ሊሞት ለተቃረበ ሰው ይዘመራል ጌታዬ።»

«ግሩም ልማድ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ፤ መኪናውንም ቀስ አደረገው። «ቀጥል።»

ኢድዋል አራቱንም ስንኝ ዘመረ፤ ጨርሶም እንደገና ከመጀመሪያው አነሳው።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ማንም የለም። ሰሌዳው ብቻ ነበር። ግማሹ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና እየወረደ መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል። የቀረው «ፎርድ» የሚለው ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩ ሰሌዳውን አየ። ኢድዋልን አየ። እኔን አየ። «ናንሲ» አለ፤ በዚህ ጊዜ ሲናገረው ሐዘን አልነበረበትም።

ኢድዋል እግሮቹን ተመለከተ። ዝም ቢባል ምናልባት ሁሉም ነገር በዚያ ያበቃ ነበር፤ ሰሌዳ ሲቀባ ማንም አላየም፣ ቀለም ደግሞ አይመሰክርም። ነገር ግን በድልድዩ ቅስት ሥር፣ ከጥላው ውስጥ፣ ያንን የባርኔጣ ላባ አየሁት።

«አክስት ቴግዌን!» ብዬ ጮህኩ። «ውጪ! ኢድዋል ፖሊስ ሊወስድሽ መጥቷል! በመኪና!»

ትንሽ ቆይታ ወጣች። ውሃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። በአንድ እጇ ባልዲ፣ በሌላው ብሩሽ ይዛ፣ እሑድ ጠዋት ወደ ኦርጋኗ እንደምትሄደው ቀጥ ብላ ዳገቱን ወጣች።

«እንደምን አመሹ ኢድዋል።»

«እንደምን አመሹ ወይዘሪት ቴግዌን።»

«ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዛሬም ዝቅ ብለዋል።»

«ተጨንቄ ነበር» አለ ኢድዋል።

ኢንስፔክተሩ አንድ ነገር አዘዘ። ኢድዋል አልተንቀሳቀሰም። ኢንስፔክተሩ ደገመ። ያኔ ኢድዋል ከቀበቶው ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ፈቶ አጠለቀላት። በሁለቱም እጇ! ሃና ልክ ነበረች። የሁለቱ ቀለበት በሰንሰለት መያያዙ ደግሞ ለጋብቻ ምንኛ የተገባ ነው ብዬ ዘልዬ አጨበጨብሁ።

«እልልልል!» አልኩ። «እንኳን ደስ አለሽ!»

አክስቴ እኔን አየችኝ። ካቴናውን አየችው። የኢድዋልን ቀይ ፊት አየች። ምን እንዳሰብሁ የገባት ያኔ ነው መሰለኝ፤ ሳቀች። ባርኔጣዋ ተንሸራቶ እስኪወድቅ ድረስ፣ የድልድዩን ግንብ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኢንስፔክተሩ ልጅቷ ምን ብላ ነው ብሎ ጠየቀ። ኢድዋል ያንን አልተረጎመለትም።

መኪናው እንደሄደ ወደ ጸሎቱ ሮጥኩ። ጆንስ ሬሳ ዓይኑን ጨፍኖ እየጸለየ ነበር።

«አክስቴን ኢድዋል ፖሊስ አጠለቀላት!» አልኩ ከበሩ። «ይዟት ሄደ!»

ጸሎቱ ያለ አሜን ቆመ።

«በሁለቱም እጇ?» አለች ሃና ቀስ ብላ።

«በሁለቱም!»

እናቴ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ደግሞ ተነሳ፤ ሁሉም ተነሳ። ሠርግ ሊወጡ ነው ብዬ ከፊት ከፊት ሄድኩ። መንገዱን ተሻግረው የዚያኛውን ጸሎት ቤት በር ሲያንኳኩ ግን ነገሩ ሠርግ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። ያንን በር ከእኛ ወገን የነካው ሰው ስልሳ ዓመት ሙሉ አልነበረም።

አያቴ በመጨረሻ ቤት ገባ። እስከ ወገቡ ርሷል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። እናቴ የሆነውን ስትነግረው እኔን ጭኑ ላይ አስቀመጠኝና ሰሌዳውን ነገረኝ፣ ካቴናውን ነገረኝ፣ እሥር ቤት ምን እንደሆነም ነገረኝ። ከዚያ አክስቴ ለምን ቀለም እንደያዘች ስጠይቀው፣ ለማንም ሲያወራ ሰምቼው የማላውቀውን አወራኝ። እሱ እኔን ሲያክል ትምህርት ቤት ውስጥ በራሱ ቋንቋ የተናገረ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። እንጨቱ ቀጥሎ ወደ ተናገረው ልጅ ይተላለፋል፤ ቀኑ ሲያልቅ አንገቱ ላይ የተገኘበት ልጅ ይገረፋል።

«እኔ ላይ ብዙ ቀን ተገኝቷል» አለ። «አፌ አያርፍም ነበር። ቴግዌን ይህንን ታውቃለች።»

በዚያ ሌሊት አልቅሼ አልቅሼ እንቅልፍ ወሰደኝ። በቀጣዮቹ ቀናት ሃና የምታመጣልኝን ዳቦ እንኳ መብላት አቃተኝ።

ፍርድ ቤት የሁለቱም ጸሎት ቤት ሰዎች አብረው ሄዱ፤ በአንድ አውቶቡስ፣ ስለ አየሩ እያወሩ። ዳኛው አክስቴን በእንግሊዝኛ ተናገሪ አላት። እሷ ከዳኛው የበለጠ እንግሊዝኛ ታውቃለች፤ ግን አልናገርም አለች። አስተርጓሚ ሲፈለግ እዚያ የተገኘው ኢድዋል ብቻ ነበር። እሷ ሦስት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ እሱ እጁን እያወናጨፈ ስምንት ይተረጉማል።

«ይህን ሁሉ ተናግራለች?» አለ ዳኛው።

«አሳጥሬው ነው ጌታዬ» አለ ኢድዋል።

አሥራ አራት ቀን ፈረዱባት። ኢድዋል በማግስቱ የደንብ ልብሱን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ መለሰ፤ ከዚያ የሃናን የዳቦ መኪና መንዳት ጀመረ። በአራተኛው ዓመት ተጋቡ። ይህንን የምናገረው በዚያ በጋ ሙሉ ለሙሉ እንዳልተሳሳትኩ እንዲታወቅልኝ ነው። ሰሌዳው ዛሬ ናንት-ፍራን ብቻ ነው የሚለው።

አክስቴ የተፈታች ቀን መንደሩ ሁሉ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ወጣ። ሁለቱ መዘምራን ጎን ለጎን ቆመው፣ ማን ይጀምር በሚል ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ተሸሽጌአለሁ። አክስቴ ሰላም ሰላም እያለች መጥታ ፊቴ ቁጢጥ አለች። ከስታለች።

«እኔ ነኝ ያሳሰርኩሽ» አልኳት።

«አንቺ?» አለች። «አንቺማ ጠራሽኝ እንጂ። ውሃው እግሬን ሊቆርጠው ደርሶ ነበር እኮ። ቢያንስ እኔን የሚያወጣኝ ሰው ተገኘ።»

አቀፈችኝ። አያቴ ከጀርባዋ በትሩን ተደግፎ እያሳለ ነበር። ያን ዕለት እሱም እዚያው ድልድይ ሥር፣ ከእሷ ጀርባ፣ ሁለተኛውን ብሩሽ ይዞ ቆሞ እንደነበር፤ ፖሊሶቹ እስኪርቁ ከውሃው ሳይወጣ ቆይቶ ጉንፋን ይዞት እንደተመለሰ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አክስቴ ያን ቀን ይቅር አለችኝ። አያቴ ግን እስኪሞት ድረስ አልማረኝም። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ በበትሩ ወደ እኔ እየጠቆመ ይከሰኝ ነበር፦

«ለቋንቋዬ የምታሰርበት፣ ሰማንያ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቀን ነበር! እዚያው ቆሜ፣ ብሩሹን እንደያዝኩ! እሷን ብቻ ጠርታ ሄደች!»